«ሒሳብ!» ስንል የማይመጣልን ሒሳብ

መቼም ይቺ አምድ ስለ ፍቅር ካላወራች ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬም የምነሳው ከፍቅር ነው፤ የምደርሰው ግን ጉበት ውስጥ፣ ከዚያም አልፎ ጫካና ወንዝ ድረስ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የ26 ዓመት ወጣት ደወለልኝ። ሥራው ሚኒባስ ታክሲ መንዳት ነው። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትስቂብኝ» ብሎ ጀመረ። ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ፍቅረኛው «ወይ እኔን ወይ ቢራህን ምረጥ» ብላው ልብሷን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገብታለች። ልጁ በጣም ተበሳጭቷል። «እኔ እኮ ሰካራም አይደለሁም! አረቄ ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠብታ አልቀምስም። አርብና ቅዳሜ ብቻ ከጀለሶቼ ጋር ዘና እላለሁ። ይሄ ጥፋት ነው?» አለኝ።

«ዘና ስትል ስንት ጠርሙስ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ኧረ ቆጥሬ አላውቅም» አለ። ቆየት ብሎ «አርብ ስድስት፣ ቅዳሜ ስምንት ቢሆን ነው» አለኝ።

«እና የምትጠጣውን የሚቆጥርልህ አስተናጋጁ ነዋ!» ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እኔም መሳቁን ተውኩት፤ ምክንያቱም የሰው መጠጥ ስቆጥር ያደግኩ እኔ ነኝ።

የዱቤው ደብተር

እናቴ አረቄ ታወጣ ነበር። እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም፤ ግን ሰፈር ሙሉ የሚያውቀውን ነገር ከአንባቢ መደበቅ ምን ይሠራልኛል? አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት በአረቄ ብር ነው። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ የፋሲካ ጫማዬ ሁሉ ከዚያች መለኪያ ነው የወጣው። ስለዚህ ስለ መጠጥ ክፉ ስናገር ከላይ ሆኜ የምሰብክ እንዳይመስላችሁ፤ የኔም እጅ አለበት።

ዱቤ ጻፊዋ እኔ ነበርኩ። ከሒሳብ ደብተሬ ኋላ የደንበኛውን ስም እጽፍና ከፊት ለፊቱ እጭራለሁ። አንድ ጭረት አንድ መለኪያ ነው። ደመወዝ ሲደርስ ቆጥሬ ለእናቴ እነግራታለሁ። ከሁሉም ጭረቱ የሚበዛው የአንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጮሆ ወይ ተሳድቦ አያውቅም። ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ቆም ብሎ አንዷን ጨለጥ ያደርግና «አሁን አይኔ ተገለጠ» ይላል። ማታ ሲመለስ ሁለት ሦስት ይደግማል። ሲንገዳገድ ያየው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን ሲቆጡ «እንደሱ ጠጡ!» ይሏቸው ነበር።

መጀመሪያ ሆዱ ገፋ፤ ሰዉ «ተስማማው፣ ወፈረ» አለ። ከዚያ እግሩ አበጠ፣ አይኑ ብጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል ተበጠበጠለት፣ ጸበልም ተወሰደ። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ ጉበቱ ጠባሳ ብቻ ሆኗል፣ ሆዱም የቋጠረው ውሃ ነው አሏቸው። በ44 ዓመቱ ሞተ።

አርባው ከወጣ በኋላ ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እቤታችን መጣች። ልጆቿን ደጅ አቁማ «እትዬ፣ የሱ ሒሳብ ስንት ቀረ?» አለች። እናቴ ወደኔ አየች። ደብተሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ 61 ጭረት ነበረበት። «የለም፣ ጨርሶ ነው የሄደው» አልኩ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ያን ማታ ገጹን ቀድዳ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ግን እንደወትሮዋ አረቄ ልታወጣ ተነሳች። ምን ታድርግ? የቤት ኪራይ አለ።

ተንገዳግዶ የማያውቅ ሰው ምን ገደለው? ያኔ አልገባኝም ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው መጠጥ የሚገድለው ቦይ ውስጥ የሚወድቀውን፣ ሚስቱን የሚደበድበውን፣ መኪና የሚገጨውን ነው። አለመስከር ግን ብዙ ጊዜ ሰውነት መጠጡን ለምዶታል ማለት ነው እንጂ መጠጡ ሰውነቱን ምሮታል ማለት አይደለም።

ስምንት ጠርሙስ ስንት ሰዓት ነው?

እስኪ የሹፌሩን ሒሳብ አብረን እንሥራው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። አንድ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የአረቄ መለኪያ፣ አረቄው 45 በመቶ ቢሆን፣ 14 ግራም ገደማ ይዛለች። አያችሁ? መለኪያዋ ትንሽ ስለሆነች፣ ቢራው ደግሞ ቀዝቀዝና ስልጥን ያለ ስለሚመስል ነው እንጂ ጉበት የሚደርሰው ያው ነው። «አረቄ ቤት በር ረግጬ አላውቅም» ያለኝ ወዳጄ ቅዳሜ ማታ ስምንት መለኪያ ነው የጠጣው። ጉበት እንደሆነ ግሮሰሪና አረቄ ቤት አይለይም።

የጤነኛ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። አያቻኩሉትም! ቡና ቢጠጡበት፣ ቀዝቃዛ ሻወር ቢገቡ፣ ሌሊት ዱለት ቢበሉ፣ ቢያስመልሱ ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው። ቡናው የነቃ ሰካራም ያደርጋችኋል፤ በቃ። ስምንት ጠርሙስ 104 ግራም ነው፤ ለማጣራት ከ10 እስከ 15 ሰዓት ይፈልጋል። ልጁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢጀምር ሰውነቱ የሚጠራው እንደ ጉበቱ ሁኔታ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እሁድ ጠዋት ስንት ሰዓት መኪና ይዞ እንደሚወጣ ጠየቅኩት። «12 ሰዓት። የቤተክርስቲያን ሰው ብዙ ነው» አለኝ።

ይሄኔ ነው እሱም እኔም ዝም ያልነው።

ከጫት በኋላ «ጨብሲ» ለምትሉትም አንድ ነገር ላንሳ። ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው መጠጥ ከሌላው ቀን የሚበዛው ለምን ይመስላችኋል? ጫቱ ገና እያነቃ ስለሆነ ስካሩ አይታወቅማ! አንዱ ልብን ሲያስሮጥ ሌላው አንጎልን ሲያደነዝዝ፣ ሰውየው «ዛሬማ ምንም አልያዘኝም» እያለ ሁለት እጥፍ ይገለብጣል። ጫቱ ለቀቅ ሲያደርገው ነው ጉዱ የሚፈላው። ያን ምሽት ከማን ጋር እንደተኛ፣ ኮንዶም ተጠቅሞ እንደሆነ ጠዋት የማያስታውስ ስንቱ ነው!

ወደ ጉበቱ ልመለስ። አልኮሉ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚለወጠው አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዝ ነው። ሰውነት ይህን መርዝ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር ቀይሮ ሊያስወግደው ይሞክራል፤ እስኪያስወግደው ድረስ ግን ሴሎችን፣ የዘር ቅንጣታችንን ሳይቀር ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን በአንደኛ ደረጃ የካንሰር አምጪዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ሲጋራና አስቤስቶስ ካሉበት መዝገብ ማለት ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀት፣ የሴቶች የጡት ካንሰር… የጡቱን ለይቼ የምናገረው «እኔ አንድ ብርጭቆ ወይን ብቻ» ለምትሉ እህቶቼ ነው። ጡት ላይ አደጋው በትንሹም ይጀምራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ «ለጤና አያሰጋም የሚባል መጠን የለም» ሲል በይፋ ተናግሯል። በሱ ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በመጠጥ ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በዚያ ዓመት ከ20 እስከ 39 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሞቱት መካከል 13 በመቶው የሞተው በመጠጥ ምክንያት ነው፤ ከየትኛውም ዕድሜ የሚበልጥ ድርሻ ነው። ሽማግሌው አይደለም፤ እኛ ነን!

ጉበት ደግሞ ክፉ ባህርይ አለው፤ አይጮህም። ስብ ሲያጠራቅም ዝም፣ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ዝም፣ ጠባሳ ሲያወጣም እስከ መጨረሻው ዝም። ደግነቱ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ስቡ፣ መጠጡ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ጠባሳው ግን እንደዚያ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ግንበኛው ጎረቤታችን ሆዱ ሲገፋ «ወፈረ» ያልነው የሚመለስበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

ሌላ አጣዳፊ ነገር ደግሞ አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በሃይላንድ ተሞልቶ በርካሽ የሚሸጥ መጠጥ ሜታኖል የተባለ የፋብሪካ አልኮል ሊቀላቀልበት ይችላል። በሽታም በቀለምም አይለይም። ሰውየው በማግስቱ አይኑ ከጋረደው፣ ጭጋግ ውስጥ ያለ ከመሰለው፣ ሆዱን ከቆረጠውና ትንፋሹ ከፈጠነ «ሀንጎቨር ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ሆስፒታል ውሰዱት፣ ፈጥናችሁ! ሜታኖል አይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው።

እንጨቱና ውሃውስ?

እስካሁን ያወራሁት የጠጪውን ዕዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጡ ሰዎች የሚከፍሉትም አለ።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ የከተማ ልጅ ብዙ ነውና ልንገራችሁ። ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ የዱቄት ቂጣ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በሸምበቆ ቧንቧ ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ለሰዓታት መንደድ አለበት። ዳግም አረቄ ከተፈለገ የወጣው እንደገና ይጣዳል፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ማገዶ። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይለወጣል፤ «አንቺ ልጅ፣ ውሃውን ቀይሪው!» የሚለው የእናቴ ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እንጨቱን ከእንጦጦ ባህር ዛፍ ተሸክመው ከሚወርዱ ሴቶች ነበር የምንገዛው። ወገባቸው ታጥፎ፣ ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም ይዘው ነበር የሚመጡት። እንጨት ሲወደድ ሳጋቱራ እናነድ ነበር፤ የሱ ጭስ ደግሞ ይብሳል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የምናድረውም እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ገደለ ሲል ያነበብኩ ዕለት እናቴን ነው ያሰብኳት። ምድጃዋን ካፈረሰች ቆይታለች፤ አሁን ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች። ሳሏ ግን አልለቀቃትም።

ይሄ እንግዲህ የአንድ ቤት ማገዶ ነው። በካቲካላዋ ወደታወቀችው ወደ አርሲ ነገሌ ሂዱና ደግሞ በየቤቱ አስቡት። ብዙ ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ማገዶው የሚመጣው በአቅራቢያው ካለው ከሙኔሳ በኩል ደን ነው፤ ጥዱና ዝግባው የነበረበት ደን። ሴቶቹን ልወቅስ አልችልም፤ ወቃሽ ብሆን ከእናቴ ነበር የምጀምረው። ግን እያንዳንዷ መለኪያ ላይ የግንድ ቁራጭ እንዳለባት ማወቅ አለብን።

«እኔ ቢራ ነው የምጠጣው፣ ጫካ አልነካሁም» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ወደ ውሃው እንሂድ። መስፍን መኮንን የተባለው ተመራማሪ ከኔዘርላንዳዊው አርየን ሁክስትራ ጋር ሆኖ የእህልና የምግብ ምርቶችን የውሃ ፍጆታ አስልቷል። በነሱ ስሌት አንድ ሊትር ቢራ በዓለም አማካይ 298 ሊትር ውሃ ይፈጃል። አብዛኛው ገብሱ ሲበቅል የሚወስደው የዝናብ ውሃ ነው፤ ከቧንቧ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ። ቢሆንም ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ጠርሙስ 98 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የሹፌሩ አርብና ቅዳሜ ወደ 70 ጀሪካን ይጠጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነስቶ በርሜል የሚሞላ ሰው ይሄ ቁጥር ይገባዋል።

እውነቱን ለመናገር ቢራ ጥሩ ጎንም አለው፤ ጠርሙሱ ተመልሶ ታጥቦ ይሞላል፣ የፋብሪካው አተላ ለከብት ይሆናል። አረቄ የሚቀዳበት ሃይላንድ ግን ቆራሌው ካላነሳው ቦይ ደፍኖ በክረምት ጎርፍ እቤታችን ድረስ ያመጣብናል። ጂንና ኡዞ የሚሠራበት አልኮል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ የሚወጣ ነው። አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 ሊትር በላይ ቡናማ ዝቃጭ ውሃ ይተርፋል። ይሄ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ተሕዋስያኑ እሱን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። የኛ አቃቂ ወንዝ ከፋብሪካውም ከመጸዳጃውም የሚገባበትን ተሸክሞ ሲወርድ የመጠጡ ድርሻ አንዱ ብቻ ነው። ግን በዚያ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ገበያ ወጥቶ የምንበላው እኛው ነን።

«ዙር» የሚባለው ነገር

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ሹፌሩም ሁለተኛ ቀን ሲደውልልኝ ሳይጠጣ ሁሉንም አወጣው። ስምንት ጠርሙስ የሚጠጣው ስለሚወድ አይደለም። አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዙር ይጋብዛል። አንዱ ከጋበዘ አምስቱም መጋበዝ አለባቸው። አምስት ጠርሙስ በዚህ አለቀ። ከዚያ አንዱ «የመንገድ» ይላል፣ ሌላው ይግደረደራል… «ሦስተኛው ላይ እኮ ይበቃኛል። ግን ተጋብዤ ሳልጋብዝ ብነሳ ቋጣሪ እባላለሁ» አለኝ። ይሄ ይገባኛል። እኛ አገር ግብዣ እንቢ ማለት ሰውን እንቢ እንደማለት ነው።

መንግሥት በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ጥሩ ነው። «ዙር»ን ግን የሚከለክል አዋጅ የለም፤ እሱን ራሳችሁ ናችሁ የምታወጡት። ለልጁ የነገርኩት ይሄን ነው፦ ገና ስትቀመጥ «ዛሬ የየራሳችን ነው» በል፤ ቆርኪውን ኪስህ ክተተው፣ ማታ እቤትህ ስትገባ ቁጠረው። በልተህ ጀምር። ቅዳሜ ከጠጣህ እሁድ ጠዋት መኪናውን ለሌላ ሹፌር ስጥ፤ የአንድ ጠዋት ገቢ ቢቀር ይቅር።

በየቀኑ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ለምትጠጡ ደግሞ ምክሬ ሌላ ነው። ተናዳችሁ ወይ ተስላችሁ በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጋችሁ አታቁሙ! እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ አንዳንዱን ይጥለዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል። ሊገድልም ይችላል። ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው መቆም ያለበት። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ «አበደ» ይሉኛል ብላችሁ ነው። ግንበኛው ጎረቤታችንም ማንም ሰካራም ብሎት ስለማያውቅ ነው ሐኪም ቤት ያልሄደው።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ሳለ ሹፌሩ ደወለልኝ። ቆርኪዎቹን ቆጥሯል፤ አርብ ሦስት፣ ቅዳሜ አራት። እሁድ መኪናውን ለጓደኛው ሰጥቶ እስከ ረፋድ ተኝቷል። «እሷስ?» አልኩት። ስልኩን ታነሳለች፣ ግን ገና አልተመለሰችም። ጀለሶቹ ደግሞ «ማናት ቆርኪ ያስለቀመችህ?» እያሉ እየሳቁበት ነው።